የማይቀባበሉ እጆች

የኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ዘንድሮ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። መርሳ ሄዶ ተሸነፈ፣ ወልዲያ ሄዶ ተሸነፈ፣ የደሴውንስ አለማንሣት ይሻላል። እዚሁ ቆቦ፣ በገዛ ሜዳው፣ በገዛ ፀሐዩ፣ እንግዶቹ በሙቀቱ ራሳቸውን ስተው ሊወድቁ ሲደርሱ እንኳ ተሸነፈ። የከተማው ሰው መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በኋላ ግን የልጆቹን ስም ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ለምን እንደሚሸነፉ ከአሰልጣኙ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበርና።

አሰልጣኝ አንዷለም የደሴ ሰው ነው። ኳሱን አሳምሮ ያውቃል፤ ቆቦ ላይ ማን ከማን ጋር ደም እንዳለው ግን ከየት ይወቅ?

«ሰለሞን! ገዛኸኝ ብቻውን ነው! ስጠው እንጂ!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል።

ሰለሞን አምበሉ ነው። ፈጣን፣ ቀጭን፣ ኳስ እጁ ከገባች ሜዳውን በሙሉ የሚያይ ልጅ። ገዛኸኝ ደግሞ በር ሲያልፍ አንገቱን የሚሰብር ረጅም፣ ቅርጫቱ ሥር ከቆመ ማንም የማይነቀንቀው። እነዚህ ሁለቱ ቢቀባበሉ ኖሮ የወልዲያም የደሴም ቡድን አይችላቸውም ነበር። ሰለሞን ግን ኳሷን ለሌላ ይሰጣል፤ ያ ሌላው ለገዛኸኝ ይሰጣል። ዞራ እስክትደርስ ገዛኸኝ በተከላካይ ተከቧል።

«ይሄ ትዕቢት ነው» አላቸው አሰልጣኙ አንድ ቀን፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሁለቱንም ፊቱ አቁሞ። «ማን የበለጠ ኮከብ ነው እየተባባላችሁ ቡድኑን ገደላችሁት።»

አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ማንም እውነቱን አልነገረውም። ለእንግዳ የሚነገር ነገር አይደለም።

ነገሩ ደም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሮቢት አጠገብ ከጎሊና ወንዝ በሚጠለፈው መስኖ፣ የውሃ ተራ ያንተ ነው የኔ ነው ሲባል የገዛኸኝ አጎት የሰለሞንን የበኩር ወንድም ገደለው። ገዳዩ ወደ አፋር በረሃ ገብቶ ጠፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች ከአንድ ገበታ አይቆርሱም፣ አንድ ለቅሶ ላይ አይቀመጡም፣ ከእጅ ወደ እጅም ምንም ነገር አይቀባበሉም፤ ውሃም ቢሆን። ደም ሲኖር ምን ምን እንደማይደረግ የደነገጉት አባቶቻችን ስለ ቅርጫት ኳስ አላሰቡም። ሁለቱ ልጆች ራሳቸው ፈረዱ፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ነው አሉና ተውት። ይህንንም ተነጋግረው አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ከሜዳው ዳር ጥቁር ሰሌዳ ይዛ ነጥብ የምትጽፈው ትርሲት ናት። የሴቶቹ ቡድን ሳይፈርስ ከሩቅ ወርውራ የማትስት ተጫዋች ነበረች። ልጃገረዶቹ አንድ አንድ እያሉ ዓረብ አገር ሲሄዱ ቡድኑ ፈረሰና እሷ ከጠመኔ ጋር ቀረች። የገዛኸኝ እህት ናት። ያው ቁመት፣ ያው ሰፊ ግንባር። ሰለሞን ያንን ግንባር በወንድምየው ላይ ሲያየው ዓይኑን ይመልሳል፤ በእህትየው ላይ ሲያየው ግን መመለስ ያቅተዋል።

የዚያን ቀን የማብቂያው ፉጨት ሲነፋ የሽንፈቱን ቁጥር በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ ጻፈችና ቀና ብላ አየችው። ሌላው ሰው ሁሉ ወይ በቁጣ ወይ በሐዘኔታ ነበር የሚያየው። የእሷ ዓይን ግን ምንም አልጠየቀውም፣ ምንም አልወቀሰውም። ሰለሞን ላቡ ደረቱ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ይህችን ልጅ ሳላገኝ ብሞት ኖረ አይባልልኝም ብሎ አሰበ።

*

እንዴት ጀመራችሁ ቢባሉ ሁለቱም ጎብዬን ነው የሚጠሩት። ከመርሳ ተሸንፈው ሲመለሱ አውቶቡሱ ጎብዬ ላይ ለምሳ ቆመ። ሁሉም አንድ ትሪ ከበቡ። ገዛኸኝ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ሰለሞንም ታጥቦ ነበር፤ ግን አልራበኝም ብሎ ወጣ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

አውቶቡሱን ተደግፎ ከገበያ የሚመለሱትን ገበሬዎች ሲያይ ትርሲት ብርቱካን ልጣ መጣች። እጁን ሊዘረጋ ሲል ሁለቱም በአንድ ጊዜ አስታወሱ። ብርቱካኑን ልጣጩ ላይ አድርጋ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላ አለች። እሱ አነሣው።

«ይሄ ይፈቀዳል?» አላት።

«እኔ አልሰጠሁህም፣ አስቀመጥኩ። አንተም አልተቀበልከኝም፣ አነሣህ» አለች፤ እንደ ጠበቃ ኮስተር ብላ። ከዚያ ራሷ ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው በማስቀመጥና በማንሣት ሆነ። እሷ ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ታስቀምጣለች፣ እሱ ያነሣል። እሱ አግዳሚው ላይ ሹራቡን ይተዋል፣ እሷ ትወስዳለች። እጃቸው አንድም ቀን አልተነካካም። ለሰው ቢነገር ማን ያምናል? የዘመኑ ልጆች ናቸው፣ ስልክ አላቸው፣ ቴሌግራም አላቸው፣ ግን አንዱ የሌላውን መዳፍ ሙቀት አያውቅም። ሰለሞን ከዕቃው ላይ ነበር የሚፈልገው፤ አሁን የተወችው መጽሐፍ ሽፋኑ ትንሽ ሞቅ ብሎ ሲያገኘው ቀኑን ሙሉ ደስ ይለዋል።

የእሱ መልእክት ረጅም ነው። የእሷ አጭር ናት። አንድ ጊዜ ብቻ ረዘም አድርጋ ጻፈችለት፦

«ሰለሞን፣ ስማኝ። ሰኔ ላይ እንመረቃለን። እኔ ደሴ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ። አንተ ቆየት ብለህ ትመጣለህ። እዚያ የማን ልጅ እንደሆንን የሚጠይቀን የለም። እስከዚያ ድረስ ለማንም ምንም እንዳትናገር። እኔን ሳትጠይቅ አንድ ነገር እንዳታደርግ። እሺ በለኝ።»

«እሺ» ብሎ ጻፈላት። ሲጽፈው እውነቱን ነበር። እሷም ያቺን አንዲት ቃል ደጋግማ አነበበቻት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያን ሌሊት በደንብ ተኛች።

*

እሺታውን ያፈረሰበት ፍርሃት ነው።

ገዳዩ በረሃ ስለገባ ደሙ የተንጠለጠለው ከዘመዶቹ በብቸኛው ጎረምሳ ላይ ነው፤ እሱም ገዛኸኝ ነው። የሟቹን ደም ይመልሳል ተብሎ የሚጠበቀው ደግሞ የሰለሞን ሁለተኛ ወንድም ፈንታው ነው። ፈንታው ማሽላ ዘሪ ገበሬ ነው፣ ዝምተኛ። ወንድሙ በተቀበረ ዕለት «ደሙን ሳልመልስ ሚስት አላገባም፣ ጎጆ አልቀልስም» ብሎ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ምሏል። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም። እኛ እንደሆንን የማለ ሰው አንጠይቅም፤ ዝም ብለን እንጠብቃለን። ይህን ዝምታችንን አንዳንዴ እኔም አልወደውም።

በሚያዝያ ፈንታው በገበያ ቀን ወደ ቆቦ መምጣት ጀመረ። ገበያ አይገባም፤ ኮሌጁ በር ትይዩ ካለው ግራር ሥር ይቆማል። ሰለሞን ሁለት ጊዜ አየው። ወንድሙ ማንን እንደሚጠብቅ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ለትርሲት ሊነግራት ስልኩን አነሣ፤ እንዴት ተብሎ ይጻፋል? «ወንድሜ ወንድምሽን ሊገድል ነው» ተብሎ? ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ሼህ ታሂር ሄደ።

ሼህ ታሂር የዘወልድ ሽማግሌ ናቸው፤ ዘወልድ በራያ ደም የሚያደርቁት የሽማግሎች ጉባኤ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ቃላቸውን ያከብራል። ቤታቸው በረንዳ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው አገኛቸው።

«አባቴ፣ ደማችን እንዲደርቅ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«ኸቤትህ ተልከህ ነው?»

«አይደለም። በራሴ ነው።»

«ማሻ አላህ። የሟች ወገን ራሱ እርቅ ሲጠይቅ ኸስንት ዘመን አንዴ ነው። ዛዲያ በምን ይድረቅ ትላለህ? ገዳዩ የለ።»

ሰለሞን መሬት መሬቱን አየ። «በጋብቻ ይድረቅ። እነሱ ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ምነው ልጄ፣ ይሄን ምን አሳሰበህ?»

እዚህ ላይ አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ግን ይሉኝታ ያዘው። በአባት ዕድሜ ያሉ ሰው ፊት እወዳታለሁ ማለት አፍ አይሞላም። ለእኔ ትሰጠኝ ማለትማ የወንድምን ሬሳ ለትዳር መደራደሪያ ማድረግ መሰለው። ደግሞስ መናገር ለምን ያስፈልጋል? ፈንታው አላገባም ብሎ ምሏል፤ ከቤቱ የቀረው ያላገባ ወንድ እሱ ብቻ ነው።

«ለሁላችን ሰላም ብዬ ነው» አለ።

«አላህ ይባርክህ» አሉ ሼህ ታሂር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ለማን ትሰጥ የሚለውን እሳቸው አልጠየቁም፣ እሱም አልተናገረም።

በዚያው ምሽት ለትርሲት «ጥሩ ነገር እየመጣ ነው» ብሎ ጻፈላት። «ምን አደረግህ?» አለችው። «ታያለሽ» አላት። ስልኩ ላይ ሳቅ የሚል ምልክት ጨምሮበት ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።

*

የመጨረሻው ጨዋታ ግንቦት ላይ ከመርሳዎቹ ጋር ቆቦ ላይ ነበር። ለማንም ለምንም የማይጠቅም ጨዋታ፤ ቡድናችን መጨረሻ መውጣቱ ከታወቀ ቆይቷል። ሆኖም ሰው መጣ። ነፋሱ ከበረሃው በኩል አቧራ ያነሣል፣ የሲሚንቶው ሜዳ በጫማ ውስጥ ያቃጥላል።

ጨዋታው እንደተጀመረ ገዛኸኝ ከቅርጫቱ ሥር ኳስ ይዞ ዞረና ሰለሞንን አየው። ከዚያ ወረወረለት።

ኳሷ ደረቱ ላይ ስትደርስ ሰለሞን መያዙን እንኳ አላወቀም። ሜዳው ዳር አንዲት ሴትዮ አማተበች። ገዛኸኝ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ሙሉ ፊቱ ፈገግ ብሎ። ሰለሞን ገባው። እርቅ ተይዟል ማለት ነው። ደም ሊደርቅ ነው ማለት ነው። እሷ የእሱ ልትሆን ነው ማለት ነው። ወርውሮ አገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዩ አሁንም ያወሩታል። ሰለሞን ለገዛኸኝ፣ ገዛኸኝ ለሰለሞን። ሦስት ዓመት የታመቀ ነገር በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። መርሳዎቹ ማንን እንደሚይዙ ጠፋቸው። አሰልጣኝ አንዷለም መጮኹን ትቶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ዝም ብሎ ያያል። እረፍት ሲሆን ቡድናችን በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እየመራ ነበር።

ሰለሞን ወደ ሰሌዳው ዞረ። ትርሲት ቁጥሩን ጽፋ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። አፈረች ብሎ አሰበ፤ ደስ አለው።

አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ሰው መጣ። ፈንታው ነው። ሽርጡን አገልድሟል፣ ነጠላውን ጣል አድርጓል፤ ጠመንጃ አልያዘም። ያለ ጠመንጃ ትከሻው ቀጥኖ ታየው።

«አያ፣ አንተ እዚህ?»

«ልይህ ብዬ ነዋ። ስንት ዘመን ኳስ ኳስ ትላለህ፣ አንድም ቀን አላየሁህ።» ጎኑ ተቀመጠ። «ተያዘ እኮን። ትናንት ሼህ ታሂርና የነፍስ አባታችን ሁለቱም ቤት ዞረው ጨረሱት። ነገ ሆርማት ወንዝ ዳር እንምላለን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ልጅቱንም ሰጡን።» ፈንታው በአገጩ ወደ ሰሌዳው አመለከተ። «ያቺ ናት አሉኝ።»

«አዎ። እሷ ናት።»

«አብራችሁ ስለምትማሩ ልጠይቅህ ብዬ ነው አመጣጤ። እኔ አላውቃት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥሩ ልጅ ናት?»

ሰለሞን ጥያቄው አልገባውም። «እንዴት?»

«ኸኔ ጋር ትኖር ይመስልሃል? እሷ የተማረች ናት፤ እኔ ኸማሽላና ኸከብት በቀር የማውቀው የለ። እንዳላሳዝናት ፈራሁ።»

ሰለሞን አሁን ገባው፤ የሚያገባት ፈንታው ነው። ደሙ ሲደርቅ መሐላውም አብሮ እንደሚፈታ፣ መሐላው ሲፈታ ደግሞ ታላቅ እያለ ለታናሽ እንደማይሰጥ፣ አንድ የራያ ልጅ እንዴት ሳያስብ ይቀራል? ግን አላሰበም። ሲወዱ ከራስ በቀር ሌላ ሰው ያለ አይመስልም።

ፈንታው መልስ እየጠበቀ ነበር። እነዚያ ዓይኖች ያለፈውን ሦስት ዓመት ሰው አይተው አያውቁም ነበር፤ ዛሬ ልክ እንደ ልጅ ያዩታል።

«ጥሩ ልጅ ናት» አለ ሰለሞን። «ጥሩ ናት፣ አያ።»

«ተመስገን።» ፈንታው በረጅሙ ተነፈሰ። «ያ መሐላ ሊገድለኝ ነበር፣ ሰለሞን። ልጁን በሩ ላይ ስጠብቀው እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንተ ነህ ያዳንከኝ አሉ። ሼሁ ነገሩን።»

ፉጨት ተነፋ። ሰለሞን ተነሥቶ ገባ። ገዛኸኝ ኳስ ሰጠው፤ ከእጁ ወደቀች። ደግሞ ሰጠው፤ ለመርሳው ልጅ አስረከበ። ደግሞ ሰጠው። ያ ዓመቱን ሙሉ የተመኘው ኳስ እየደጋገመ መጣለት፣ እሱ ግን እጆቹ የእሱ አልነበሩም። መርሳዎቹ ደረሱባቸው፣ አለፏቸው፣ ጥለዋቸው ሄዱ። አሰልጣኙ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለ። ምን እንደሆነ ዛሬም የነገረው የለም።

ሲያልቅ ገዛኸኝ መጥቶ እጁን ጨበጠው። ሲጨባበጡ የመጀመሪያቸው ነበር። መዳፉ ሰፊና ሞቃት ነው።

«ግድ የለም። ኳስ ነው» አለው። «እኛ ዘመድ ሆነናል። እናቴ ትመርቅሃለች፣ ሌት ተቀን ስምህ ካፏ አይጠፋም።»

ሰለሞን እጁን ማስለቀቅ ፈለገ፤ ግን አልቻለም። እንዲህ ያለ ሽንፈት ተሸንፎ አያውቅም።

*

ሰው ሲበተን ትርሲት ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እያጠበች ነበር። ሰለሞን አጠገቧ ቆመ። አልዞረችም።

«ለእኔ መስሎኝ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ትርሲት፣ እኔ...»

«ሼህ ታሂር ቤታችን መጥተው ምን እንዳሉ ታውቃለህ?» ጨርቁን አቆመች። «ሐሳቡን ያመጣው ከሟች ወገን ትንሹ ልጅ ነው፣ አላህ ይባርከው አሉ። አባቴ አለቀሰ። እናቴ መሬት ስማ መረቀችህ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ስምህ ሲጠራ ደስ ብሎኝ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ከዚያ ለፈንታው አሉ።»

ሰለሞን እጁን ወደ ጨርቁ ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው።

«እኔን ሳትጠይቅ አንድ ነገር እንዳታደርግ ብዬህ ነበር።»

«ፈራሁ። ወንድሜ በሩ ላይ ወንድምሽን ይጠብቅ ነበር።»

«ታዲያ ያንን ንገረኛ። አብረን እንፈራ ነበር።» አሁን ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን እንባ የለውም። «ሽማግሌውን ጠየቅህ። ፈንታው እንኳ እኔን እንዳያሳዝን መጥቶ አንተን ጠየቀህ፤ አየሁት። እኔን የጠየቀኝ ግን የለም። ሌላው ባይጠይቀኝ አይገርመኝም። አንተ ግን፣ ሰለሞን?»



«ነገ አልረካሁም እላለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከሟች ወገን አንድ ወንድ አልረካሁም ካለ እርቁ ይፈርሳል። ከዚያ ዛሬ ነገ ሳንል ደሴ እንሄዳለን። እንዳልሽው።»

ለአፍታ ያህል ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ፤ አየው። ከዚያ ጠፋ።

«ገዛኸኝ ዛሬ ኳስ ሲሰጥህ ፊቱን አይተኸዋል? እኔ ከዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ። እንደዚያ ከሳቀ ሦስት ዓመት ሆነው።» ጨርቁን ጨመቀችው። «ደሴ ሆነን ሞተ ቢሉንስ? አንተን እያየሁ እንዴት እኖራለሁ? አንተስ እኔን እያየህ?»

«ትርሲት...»

«ነገ ሲጠይቁህ ረክቻለሁ ትላለህ። ይሄን የምለምንህ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ እንኳ የጠየቅሁህን አድርግልኝ።»

«አትወጂኝም?»

«እወድሃለሁ» አለች፤ ቀለል አድርጋ፣ ውሃ ጠማኝ እንደማለት። «ስለምወድህ ነው እንዲህ የተናደድኩብህ። ከነገ ጀምሮ ምንም ነገር መሬት ላይ አላስቀምጥልህም። በእጄ ነው የምሰጥህ። የባሌ ወንድም ነህ።»

ሰሌዳውን ብብቷ ሥር አድርጋ ሄደች። ሰለሞን ባዶው ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ። ቂም ቢይዝበት የሚቀለውን ሰው በልቡ ፈለገ፣ ፈለገ፤ ከራሱ በቀር አላገኘም።

*

ሆርማት በዚህ ወቅት ውሃ የለውም፤ ነጭ አሸዋ ብቻ ነው። በአንድ ዳር የገዳይ ወገን፣ በሌላው ዳር የሟች ወገን፣ አሸዋው መካከል ሽማግሎቹ ተቀመጡ። ሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብለው ተሰብስበዋል። ትርሲት ነጠላዋን ተከናንባ ከሰለሞን እናት ከእሜቴ ጌጤ ጎን ተቀምጣለች፤ ከዛሬ ጀምሮ ቦታዋ እዚያ ነው።

ሼህ ታሂር ተነሥተው ከታላቅ ጀመሩ።

«ፈንታው፣ ደምህ ደርቋል ወይ? ረክተሃል ወይ?»

«ደርቋል። ረክቻለሁ።»

የአጎቶቹ ልጆች አንድ በአንድ መለሱ። መጨረሻ የሰለሞን ተራ ሆነ።

«ሰለሞን፣ ደምህ ደርቋል ወይ? ረክተሃል ወይ?»

ሰለሞን ቆመ። ከአሸዋው ማዶ ገዛኸኝ ያየዋል፤ ምንም አልጠረጠረም። የገዛኸኝ እናት ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች። ሰለሞን አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣም። ሰው መተያየት ጀመረ። የፈንታው ፊት አመድ መሰለ። ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ።

«ልጄ» አሉ ሼህ ታሂር በዝግታ፣ «አንተ ነህ እኮን ያመጣኸን። ረክተሃል ወይ?»

ወደ ሴቶቹ አየ። ትርሲት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ቀጥ ብላ ታየዋለች። አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሳትፈራ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነበር እንደዚያ ያየችው።

«ረክቻለሁ» አለ። «ደርቋል።»

ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። እንባው ያለ ድምፅ መውረድ ጀመረ፤ ሊያቆመው ሞከረ፣ እየባሰበት ሄደ፤ በመጨረሻ እንደ ሕፃን ትከሻው እየተናጠ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሴቶቹ እልል ሊሉ የጀመሩትን ዋጡት።

«ተዉት፣ ያልቅስ» አሉ ሼህ ታሂር። «ለወንድሙ ነው። ደሙ ኸእንባው ጋር ይወጣል።»

«የኔ ልጅ» አለች እሜቴ ጌጤ፣ እሷም እያለቀሰች፣ ትርሲትን ወደ ራሷ ስባ አቅፋ። «ወንድሙ የሞተ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰ። አየሽ አይደል፣ ሆዱ ምን ያህል ሩኅሩኅ እንደሆነ?»

ትርሲት «አየሁ» አለች። ነጠላዋን መልሳ ፊቷ ላይ አወረደች።

ፈንታው አሸዋውን አቋርጦ መጥቶ ከወንድሙ አጠገብ ተንበረከከ። ራሱን ደረቱ ላይ አስጠጋው፣ በነጠላው ጫፍ እንባውን ጠረገለት። «በቃ ወንድሜ፣ በቃ። አለቀ» ይለዋል። «እኔ አለሁልህ።» ሰለሞን ከእሱ በቀር የሚደገፈው ሰው አልነበረውምና ሸሚዙን ጨምድዶ ይዞ፣ ፊቱን እዚያው ደረት ላይ ቀብሮ አለቀሰ።